ዓለቱ ሩቅ ከሆነ ፎቅ አይሠራምን?

በጂኦግራፊ ትምህርት ስለ ታላላቅ ከተሞች ሲነሣ ደጋግሞ የሚጠቀስ አንድ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ በኒውዮርክ ከተማ፣ በማንሃታን ደሴት ላይ፣ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች በይበልጥ የተሰባሰቡት በሁለት ሥፍራ ነው። አንደኛው የደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ ሲሆን ሁለተኛው መካከለኛው ክፍል ነው። በሁለቱ መሐል ባሉት ሠፈሮች የሚታዩት አብዛኛዎቹ ቤቶች ዝቅ ዝቅ ያሉ ናቸው። ለምን? ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። በሁለቱ ሥፍራዎች ጠንካራው ዓለት ለመሬቱ ገጽ ቅርብ ነው፣ በመሐል ግን ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ስለዚህ ፎቆቹ ዓለቱን ተከትለው በቀሉ ይባላል። መልሱ ያምራል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በአንድ ሥዕል ያልቃል፤ ተማሪም አይረሳውም። ችግሩ ግን ትክክል አለመሆኑ ነው።

እኛ ዛሬ ሠልጣኞች ብንሆንም ነገ ከሰሌዳው ፊት የምንቆም ነን። አንድ ያማረ ግን የተሳሳተ ማብራሪያ በአንድ መምህር አፍ በዓመት ስንት ልጅ ጆሮ እንደሚገባ ማስላት አያዳግትም። ደግሞም ነገሩ የአሜሪካ ወሬ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን በምንመደብባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ግድግዳ የሚሰነጥቀው ይኸው የአፈር ጠባይ ነው። ስለሆነም ዓለትና አፈር የሕንፃን መሠረት እንዴት እንደሚወስኑ ከሥሩ ጀምረን ለማየት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ በአንድ ነገር እንግባባ። መሬት ሁሉ ሸክም ሲጫነው ይሰምጣል። ዓለት እንኳ ይሰምጣል፤ ግን መጠኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ መሐንዲሱ የሚጠይቀው «ይሰምጣል ወይስ አይሰምጥም?» ብሎ አይደለም። «ምን ያህል ይሰምጣል? በስንት ጊዜ? ሁሉም ማዕዘን እኩል ይሰምጣል ወይ?» ብሎ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በክረምት ጭቃ ላይ ስንራመድ እግራችን ይሰምጣል። ጣውላ ጣል አድርገንበት ብንሄድ ግን አይሰምጥም። ክብደታችን አልቀነሰም እኮ፤ በሰፊ ቦታ ላይ ተከፋፈለ እንጂ። የሕንፃ መሠረት ሥራም ይኸው ነው። በዓምዶቹ በኩል የሚወርደውን ክብደት መሬቱ ሊሸከመው በሚችል ስፋት ላይ ይበትናል፤ አሊያም ደካማውን አፈር አልፎ ወደ ጠንካራው ያደርሰዋል። ዓለቱ ቅርብ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። አፈሩን ጠርጎ፣ ዓለቱን አስተካክሎ፣ ዓምዱን በላዩ ማሳረፍ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ነገሩ የሚወሳሰበው ዓለቱ ሩቅ ሲሆንና በመካከሉ ያለው አፈር ጠባዩ ሲለያይ ነው።

አሸዋና ጠጠር ቅንጣታቸው ትልቅ ስለሆነ ውሃ በመካከላቸው እንደ ልቡ ያልፋል። ሸክም ሲያርፍባቸው ቅንጣቶቹ ወዲያው ጠጋ ጠጋ ብለው የሚሰምጡትን ያህል ሰምጠው ያበቃሉ። ብዙውን ጊዜ ሕንፃው ተሠርቶ ሲያልቅ መስመጡም አብዛኛው አብሮ ያልቃል። ሸክላ አፈር ግን ሌላ ነው። ቅንጣቶቹ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ናቸው፤ በመካከላቸው ብዙ ውሃ ይይዛሉ፤ ያ ውሃ ደግሞ መውጫው እጅግ ጠባብ ነው። እናቶቻችን አይብ ሲያወጡ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። አይቡ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ ድንጋይ ቢጫነው አጓቱ ባንዴ አይወርድም፤ ጠብ ጠብ እያለ ያድራል። በማግሥቱ አይቡ ቁመቱ አንሶ፣ ጠንክሮ ይገኛል። ከፎቅ ሥር ያለ ሸክላም እንዲሁ ነው፤ ለአይቡ አንድ ሌሊት የበቃው ለሸክላው ዓሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ሃምሳ ዓመት ይፈጅበታል እንጂ። ሕንፃው ተመርቆ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ መሐንዲሱም ጡረታ ወጥቶ፣ መሬቱ ገና ውሃውን እያንጠባጠበ ነው።

ይህን ነገር በሒሳብ ያስቀመጠው ካርል ተርዛጊ የተባለ ኦስትሪያዊ መሐንዲስ ነው። ሰውየው መምህርም ነበር። በኢስታንቡል በሮበርት ኮሌጅ ሲያስተምር የተሟላ ላቦራቶሪ ስላልነበረው፣ ከተራ ዕቃ በገዛ እጁ በሠራው መሣሪያ ነበር ሸክላን እየጫነ የሚለካው። ውጤቱን በ1925 በመጽሐፍ አሳተመ፤ የአፈር መካኒክስ የሚባለው የትምህርት ዘርፍ በዘመናዊ መልኩ የሚቆጠረው ከዚያ ጀምሮ ነው። (ዕቃ የለንም እያልን የሳይንስ ሙከራ ለምንዘል ሠልጣኞች ይህ ሰው ጥሩ ተሟጋች ነው።) ታዲያ ከተርዛጊ በፊት የነበሩት ግንበኞች ምን ያደርጉ ነበር? ይገምቱ ነበር፤ ይሞክሩ ነበር። የሙከራው ዋና ሜዳ ደግሞ የሺካጎ ከተማ ነበረች።

ሺካጎ በሚቺጋን ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ናት። ከሥሯ ያለው በበረዶ ዘመን የተከማቸ ለስላሳ ሸክላ ነው፤ ዓለቱ በመሐል ከተማ ወደ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ይርቃል። ዓለት የራቀበት ቦታ ፎቅ የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ሺካጎ የሰማይ ጠቀስ ሕንፃ እናት ተብላ ባልተጠራች ነበር። በ1882 በተሠራው ሞንቶክ ብሎክ በተባለው ሕንፃ ላይ የባቡር ሐዲድ ብረት በአግድምና በቁመት እየተደረደረ፣ ኮንክሪት እየተሞላበት፣ ለሕንፃው እንደ ሰፊ ጫማ ሆነ። ያው የጣውላው ዘዴ ነው። በ1891 የቆመው ሞናድኖክ የተባለው ሕንፃ ደግሞ ባለ 16 ፎቅ ሲሆን ሸክሙን የሚሸከሙት የጡብ ግድግዳዎቹ ናቸው፤ ከሥር ውፍረታቸው 1.8 ሜትር ይደርሳል። ሠሪዎቹ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር እንደሚሰምጥ ገምተው በዚያ መጠን አስበውበት ነበር። ሸክላው ግን ግምታቸውን አልፎ ሄደ፤ ሕንፃው ባለፉት ዓመታት ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ሰመጠ። ቢሆንም እስከ ዛሬ ቆሟል፣ ይሠራበታልም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንመለስ። አንድን ጠረጴዛ አራቱንም እግሮቹን እኩል አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ብንቆርጣቸው ጠረጴዛው ያጥራል እንጂ ጠረጴዛነቱ አይቀርም። አንዱን እግር ብቻ ሦስት ሴንቲ ሜትር ብንቆርጠው ግን ብርጭቆ አይቆምበትም። ሕንፃንም የሚጎዳው በይበልጥ መስመጡ ሳይሆን እኩል አለመስመጡ ነው። በዚያው በሺካጎ በ1889 የተጠናቀቀው ኦዲቶሪየም የተባለው ሕንፃ አንዱ ክፍሉ ከባድ ግንብ ያለው ሲሆን ሌላው ቀለል ያለ ነው። ከሥር ያለው ሸክላ አንድ ዓይነት ቢሆንም ሸክሙ አንድ ዓይነት አልነበረም። በመሆኑም ከባዱ ክፍል ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ ሰመጠ፤ በመግቢያው አዳራሽ የወለሉ መዝመም በዓይን የሚታይ ሆነ። አንድ ዓይነት ሸክም ባለበት አፈሩ ሲለያይም ውጤቱ ያው ነው። የጣሊያኗ የፒዛ ማማ ከ1173 ጀምሮ ስትሠራ ወደ አንድ ጎን ያዘመማት ይኸው ነው።

ሺካጎዎች በሰፊ ጫማ ብቻ አልቀሩም። በ1894 የተጠናቀቀው የሺካጎ የአክሲዮን ገበያ ሕንፃ ሲሠራ ከጎኑ የጋዜጣ ማተሚያ ቤት ነበር። ምሰሶ በመዶሻ እየተመታ ቢተከል የማተሚያ መኪናዎቹ መናወጣቸው ሆነ። ስለዚህ በዚያ ወገን በኩል እንደ ውሃ ጉድጓድ ክብ ጉድጓድ በእጅ ተቆፍሮ፣ ዙሪያው በሣንቃ ተደግፎ፣ ጠንካራው ንብርብር ድረስ ወርዶ ኮንክሪት ተሞላበት። ለጎረቤት ሰላም ሲባል የተገኘው ዘዴ በኋላ የከተማይቱ ደንበኛ የመሠረት አሠራር ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ወደ ማንሃታን እንሻገር። የማንሃታን ዓለት በጣም ጠንካራ ነው፤ በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ «ሺስት» ይባላል። በሴንትራል ፓርክ መናፈሻ ውስጥ ከሣሩ መካከል ብቅ ብሎ ልጆች ሲወጡበት ይታያል። ወደ ደቡብ ሲኬድ ግን ይዘቅጥና በአሸዋ፣ በደለልና በጠጠር ይሸፈናል፤ ከደሴቲቱ ጫፍ አጠገብ እንደ ገና ይቀርባል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ክሪስቶፈር ሹበርዝ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ በ1968 ስለ ኒውዮርክ ባሳተመው መጽሐፍ የፎቆቹን አቀማመጥ ከዚህ የዓለት ቅርፅ ጋር አያያዘው፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲሻገር ኖረ።

አሁን ሁለት ሕንፃዎችን ብቻ እንመልከት። ሁለቱም የሚገኙት በከተማው ማዘጋጃ ቤት አካባቢ ሲሆን እዚያ ዓለቱ ጥልቅ ነው። የመጀመሪያው በ1899 የተጠናቀቀው የፓርክ ሮው ሕንፃ ነው፤ ቁመቱ 119 ሜትር ሆኖ እስከ 1908 ድረስ ከዓለም የቢሮ ሕንፃዎች ሁሉ ረጅሙ ነበር። ይህ ሕንፃ ዓለቱን አይነካውም። ከሥሩ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ የእንጨት ምሰሶዎች እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተመትተው ገብተዋል፤ ሸክሙ ያረፈው በእነርሱ ላይ ነው። (እንጨት ዘወትር ከከርሰ ምድር ውሃ በታች ከሆነ ለመቶዎች ዓመታት አይበሰብስም። የሚበሰብሰው ውሃው ሲሸሽና አየር ሲያገኘው ነው።) ሁለተኛው በ1913 የተመረቀው ዉልዎርዝ ነው። ቁመቱ 241 ሜትር ሆኖ እስከ 1930 የዓለም ረጅሙ ሕንፃ ነበር። እርሱ ደግሞ ከ30 ሜትር በላይ ተወርዶ ዓለቱ ላይ ቆሟል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ዓለት በራቀበት በዚያው ሠፈር አንዱ በአሸዋ፣ ሌላው በዓለት ላይ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዙ። ዓለቱ ፎቅን የሚከለክል ከሆነ እነዚህ ሁለቱ እዚያ ምን ይሠራሉ?

ወደ ዓለቱ ለመድረስ የሚያገለግለው መሣሪያ «ካይሰን» ይባላል። ብርጭቆ ደፍተን ባልዲ ውሃ ውስጥ ብንነክረው በውስጡ ያለው አየር ውሃውን አያስገባም። ካይሰንም እንዲሁ አፉ ወደ ታች የተደፋ ታላቅ ሳጥን ነው። የታመቀ አየር እየተነፋበት ውሃና ልቅ አሸዋ እንዳይገባ ይከለከላል፤ ሠራተኞች ውስጡ ገብተው ይቆፍራሉ፤ እነርሱ በቆፈሩ ቁጥር ሳጥኑ በላዩ ከሚገነባው ክብደት የተነሣ ወደ ታች ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ኮንክሪት ይሞላና መሠረት ሆኖ ይቀራል። በኒውዮርክ ለሕንፃ የዋለው ከ1893 ጀምሮ ነው፤ ለድልድይ ግን ቀደም ብሎ ይሠራበት ነበር። ዋጋውም ገንዘብ ብቻ አልነበረም።

ማንሃታንን ከብሩክሊን የሚያገናኘው የብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ በብሩክሊን በኩል ያለው ካይሰን 13 ሜትር ተኩል ያህል ወርዶ በቃው። በማንሃታን በኩል ግን ዓለቱ ሩቅ ነበር። ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር የአየሩ እመቃ መጨመር ነበረበት። ሠራተኞቹ ከዚያ ከታመቀ አየር ፈጥነው ሲወጡ በደማቸው የሟሟው ናይትሮጅን ልክ ጠርሙሱ እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያቸው ይታሠራል፣ አንዳንዱ ሽባ ይሆናል፣ የሞቱም ነበሩ። በ1872 ካይሰኑ 24 ሜትር ያህል ሲደርስ ዋናው መሐንዲስ ዋሺንግተን ሮብሊንግ አሸዋው እጅግ የጠበቀ መሆኑን ተመለከተ። ከዚያ ወዲያ ወደ ዓለቱ የሚደረገው እያንዳንዱ ሜትር የሰው ሕይወት እንደሚያስከፍልም ያውቅ ነበር። ቁፋሮው እንዲቆም አዘዘ። ራሱም በዚሁ በሽታ ተይዞ የአልጋ ቁራኛ ሆነ፤ ባለቤቱ ኤሚሊ ከአሥር ዓመት በላይ ትእዛዙን ወደ ሥራው እያመላለሰች ድልድዩ በ1883 ተመረቀ። የማንሃታን ወገን ግንብ እስከ ዛሬ የቆመው አሸዋ ላይ ነው። በእኛ አስተያየት «እዚህ ላይ ይበቃል» የሚለው ውሳኔ ከድልድዩ ገመዶች ያላነሰ የምህንድስና ሥራ ነው። ዓለት ካልደረስን አንልም ብሎ ግትር ማለትም ይቻል ነበር፤ የሚሞተው ሌላ ሰው ነበርና።

ታዲያ ፎቆቹ ለምን በሁለት ሥፍራ ተሰባሰቡ? ጄሰን ባር የተባለ የኢኮኖሚ ምሁር ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከ1890 እስከ 1915 የተሠሩትን ረጃጅም ሕንፃዎች ከዓለቱ ጥልቀት ጋር እያነጻጸረ መርምሮ በ2011 ጥናት አሳተመ። ያገኙትም ዓለቱ ፈጽሞ ምንም አላደረገም የሚል አይደለም፤ በመሠረት ወጪ ላይ ጥቂት ይጨምራል፣ አንዳንድ ሕንፃ ወዲህ ወይም ወዲያ ጠጋ እንዲል ያደርጋል። ሁለቱን የፎቅ ጫካዎች የፈጠረው ግን እርሱ አይደለም። ደቡቡ ጫፍ የወደቡና የባንኮቹ ሠፈር ነበር። ወደ መካከለኛው ክፍል ደግሞ ነዋሪው፣ ሱቁና ሆቴሉ ቀድሞ ተዛወረ፤ ታላላቆቹ የባቡር ጣቢያዎችም በ1910 እና በ1913 እዚያ ተከፈቱ። መሬት በተወደደበት ቦታ ባለቤቱ ወደ ላይ ይሠራል፤ ወደ ላይ የሚሠራ ደግሞ ወደ ታች የሚያወጣውን ገንዘብ አያጣም። ባጭሩ፣ ፎቅ የት እንደሚሠራ የሚወስነው ገበያው ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው አፈሩ ነው። ሁለቱ መደባለቅ የለባቸውም።

አፈሩ የሚለውን ያልሰማ ደግሞ ይቀጣል። በሳንፍራንሲስኮ በ2009 የተከፈተ ባለ 58 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ አለ፤ ሚሊኒየም ታወር ይባላል። ፓይሎቹ፣ ማለትም ወደ መሬት የተተከሉት የኮንክሪት ምሰሶዎች፣ ያረፉት ጥቅጥቅ ባለ አሸዋ ላይ ነው። አሸዋው ጥሩ ነበር፤ ግን ከአሸዋው በታች ሸክላ አለ፤ ዓለቱ ደግሞ ከ60 ሜትር በላይ ይርቃል። የአይቡ ነገር እዚህ መጣ። በ2016 ሕንፃው ወደ 40 ሴንቲ ሜትር መስመጡና ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ ታወቀ። ገንቢውና ነዋሪው ጥፋቱን ሲወራወሩ ቆይተው ክርክሩ በስምምነት አለቀ፤ በዙሪያው ዓለቱ ድረስ የሚደርሱ 18 ተጨማሪ ፓይሎች ተተክለው ሥራው በ2023 ተጠናቀቀ። እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ዓለቱ አስፈላጊ ነው ማለት አይደል?» ሊለን ይችላል። ለዚያ ሕንፃ በዚያ ሸክላ ላይ፣ አዎ። ይህ ግን ለሁሉም ሕግ አይሆንም፤ ማስረጃውም ዱባይ ነው።

ብዙ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ለሥራ በሚሄዱባት በዱባይ በ2010 የተመረቀው ቡርጅ ኻሊፋ 828 ሜትር ነው። ከሥሩ ያለው እንደ ማንሃታን ያለ ጽኑ ዓለት አይደለም፤ ደካማ፣ በእጅ የሚፈረፈር ዓይነት የአሸዋ ድንጋይና መሰል ንብርብር ነው። ታዲያ በምን ቆመ? በጎን ሰበቃ። የአጥር ቋሚ ስንነቅል የሚያስቸግረን ከሥር የያዘው ነገር ኖሮ አይደለም፤ አፈሩ ጎንና ጎኑን ጨምድዶ ስለሚይዘው ነው። ቡርጅ ኻሊፋም ዲያሜትራቸው 1.5 ሜትር የሆነ ከ190 በላይ ፓይሎች ወደ 50 ሜትር ጥልቀት ወርደውለታል፤ ክብደቱን በአብዛኛው የሚይዙት በጎናቸው ነው። በላያቸው 3.7 ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ንጣፍ ተዘርግቷል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ጨውነት የበዛበት ስለሆነ ብረቱን እንዳይበላው ልዩ መከላከያ ተደርጎለታል። የዓለም ረጅሙ ሕንፃ የቆመው እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመን ግን የሜክሲኮ ከተማ ነው። ከተማዋ የተሠራችው በደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ነው፤ ሸክላው ከቅንጣቶቹ ክብደት ይልቅ የያዘው ውሃ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ ነዋሪው ለመጠጥ የከርሰ ምድር ውሃ ሲስብ መሬቱ ራሱ፣ ፎቅ ሳይጫነው፣ ይሰምጣል። በ1934 የተጠናቀቀው የሥነ ጥበብ ቤተ መንግሥት ወደ 4 ሜትር ያህል ሰምጧል። በአንጻሩ በ1910 የተመረቀው የነፃነት ሐውልት ጠለቅ ባሉ ፓይሎች ላይ ስለቆመ እርሱ ባለበት ሲቀር ዙሪያው ያለው መንገድ ወረደ፤ ሕዝቡ ወደ ሐውልቱ እንዲደርስ 14 ደረጃዎች መጨመር ግድ ሆነ። እንግዲህ አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ የሄደ ይመስላል፤ ሁለቱም ችግር ነው። በ1956 የተመረቀውን ባለ 44 ፎቅ የላቲን አሜሪካ ግንብ የሠሩት መሐንዲሶች ሁለቱንም አሰቡበት። 361 ፓይሎች 33 ሜትር ወርደው ጠንካራ የአሸዋ ንብርብር ላይ አረፉ። ከዚህም ጋር ከሥር ሰፊ ባዶ ሳጥን መሰል ምድር ቤት ተሠራ። የሚቆፈረው አፈር ክብደት ከሚሠራው ሕንፃ ክብደት ላይ ይቀነሳልና፣ መሬቱ አዲስ ሸክም የሚሰማው በልዩነቱ ብቻ ነው። ጀልባ በውሃ ላይ የሚቆምበት ሕግ ማለት ነው።

መስከረም 19 ቀን 1985 ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በፓስፊክ ጠረፍ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ይህችን ከተማ መታ። በዓለታማው የከተማ ክፍል ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን በሐይቁ ሸክላ ላይ ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ በትክክለኛው ሰዓት ጥቂት ጥቂት ቢገፋ ከፍ ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ ሸክላው በሁለት ሴኮንድ ገደማ አንዴ ሲወዛወዝ ያንኑ ምት የሚጋሩትን ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸውን ሕንፃዎች ይዞ አናወጣቸው። ረጅሙ ግንብ ምቱ የተለየ ስለነበረ፣ በጥንቃቄም ስለተሠራ፣ ቆመ። በእኛም አገር በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷልና ይህን ክፍል እንደ ሩቅ ታሪክ ብቻ ማንበብ አይገባም።

ከፎቁ ወርደን ወደ ትምህርት ቤቱ እንምጣ። በደጋውና በወይና ደጋው ብዙ ሥፍራ ያለው ጥቁር አፈር፣ ዋልካ (በአንዳንድ አካባቢ መረሬ) የምንለው፣ ሸክላነቱ የተለየ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። እስካሁን ስንናገር የነበረው ከባድ ሕንፃ አፈሩን ስለ መጫኑ ነበር። ዋልካ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አፈሩ ነው ሕንፃውን ወደ ላይ የሚገፋው። ስለሆነም ከባድ ፎቅ ሲጫነው እብጠቱን ይችለዋል፤ ባለ አንድ ፎቅ ቀላል የመማሪያ ክፍል ግን አይችለውም። በክረምት ማዕዘኑ ይነሣል፣ በበጋ ይወርዳል፤ ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ሰው ታዲያ ግንበኛውን «ሲሚንቶ ሰረቀ» ብሎ ያማዋል፤ ሰርቆም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የአፈሩ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው። ዋልካው ጥልቅ ካልሆነ ተጠርጎ ይወጣና በገረጋንቲ ተሞልቶ ይጠቀጠቃል፤ ጥልቅ ከሆነ መሠረቱ የክረምትና የበጋ እርጥበት ከማይለዋወጥበት ድረስ ይወርዳል። የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር እንዳይተኛ ቦይ ይወጣለታል። ባሕር ዛፍ ከግድግዳው ሥር አይተከልም፤ ውሃውን መጥጦ አፈሩን ይኮማትረዋልና።

ይህን ሁሉ ለተማሪ ለማሳየት ሦስት ባዶ ጣሳ ይበቃል። ሁለቱን ከሥር በምስማር በሳስቶ አንዱን እርጥብ አሸዋ፣ ሌላውን በውሃ የታሸ ሸክላ መሙላት ነው። በላያቸው ጣሳው ውስጥ የሚገባ ክብ ጣውላ አኑሮ እኩል ድንጋይ መጫን፤ ከዚያ ጣውላው ያለበትን ከፍታ በእርሳስ ምልክት ማድረግ። አሸዋው እዚያው ሰምጦ ያቆማል፤ ሸክላው ግን ጠዋት ጠዋት አዲስ ምልክት ይፈልጋል። በሦስተኛው ጣሳ፣ ሳይበሳ፣ ደርቆ የተፈጨ ዋልካ እስከ ግማሽ ይደረግና ውሃ ቀስ ተብሎ ይፈስበታል፤ በማግሥቱ ከምልክቱ በላይ ነው የሚገኘው።

በተመደብንበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ያገኘን እንደሆነም ቀላል ምርመራ አለ። ቀጭን ወረቀት ስንጥቁን አቋርጦ በማጣበቂያ ይለጠፋል፤ ቀኑ ይጻፍበታል። ከዚያ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ማየት ነው። ወረቀቱ ደኅና ከሆነ ስንጥቁ አሮጌ ነው፣ ሊለሰን ይችላል። ከተቀደደ ግን መሬቱ ገና እየሄደ ስለሆነ ልስኑ ገንዘብ ማባከን ነው፤ በመጀመሪያ የሚታየው የውሃው ቦይ ነው፣ ቀጥሎም መሠረቱ ተቆፍሮ ይታያል።